ሸማኔው ለምን አስተማሪ ሆነ?

ተክለወልድን የማያውቅ ሰው ሴቻ ሰፈር ውስጥ ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር ነው የኖረው። የሱቅ ማስታወቂያ ሲያነብ እንኳ ስህተት ካገኘ ባለቤቱን ፈልጎ ይነግራል። አንድ ጊዜ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ አሳ ልንበላ ገብተን የምግብ ዝርዝሩን አርሞ ለአስተናጋጇ መለሰላት። ልጅቷ ትእዛዝ መስሏት ወረቀቱን ወደ ወጥ ቤት ይዛ ገባች፤ እኛም በረሃብ ጠወለግን። እኔ ቲጂ እባላለሁ፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከእሱና ከባለቤቱ ከሻሺቱ ጋር በአንድ ግቢ ስንኖር ብዙ ክረምት አልፏል። ስለዚህ የማወራው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስናደድ እረሳዋለሁና። የተቸገረ ተማሪ ሲያይ ማንም ሳይሰማ ይረዳል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሻሺቱን በክፉ ቃል ሲናገራት አንድም ቀን አልሰማሁም። ችግሩ በደግ ቃልም ሲናገራት አለመስማቴ ነው።

ከጨንቻ በላይ፣ ጉም ከማይለየው ቀበሌ የወረደ የሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ሲሸምኑ፣ እሱ ከጎናቸው ፈትል የተጠቀለለበትን ድውር እያቀበለ ነው ፊደል የቆጠረው። በእነሱ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ጉድጓድ የገባን ሰው አያናግሩትም። ድር ከተበጠሰ ቀኑ ይበላሻል፤ ስለዚህ እንግዳም ይምጣ ጠብም ይነሳ፣ ሸማኔው ከጉድጓዱ እስኪወጣ ይጠበቃል። ተክለወልድ ይህን ሲያወራ ደስ ይለዋል። "አባቴ ሲከፋውም ሲደሰትም እዚያው ነው፤ ወጥቶ ስናየው ሁሉም አልፎለታል" ይላል። እኔ እንደ ጨዋታ ነበር የምሰማው።

ሰሊሆም የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ለእናት ለአባቷ አንድ። እንደ አባቷ ሰው ማረም የምትወድ፣ "ቲጂዬ፣ ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው" ብላ ሰው ፊት የምታዋርደኝ ልጅ። አንደኛ ክፍል እንደገባች ወባ ያዛት። ወባ እዚህ እንግዳ አይደለችም፤ ትመጣለች፣ መድኃኒት ይዋጥላታል፣ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ግን ልጅቷን ይዛት ሄደች።

ድንኳን ተጣለ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ሻሺቱ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ተክለወልድ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ሰዉ "የወንድ ልጅ ለቅሶ በሆዱ ነው" እያለ አለፈው። በማግስቱ ተማሪዎቹ በሰልፍ ሆነው ሊያስተዛዝኑት መጡ። አጎንብሰው ተቀምጠው ሳለ ከመካከላቸው አንዷን ልጅ በእጁ ጠራት፣ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት፣ ልጅቷም ተነስታ ወጣች። ስትመለስ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነበር። እሱ ተቀብሏት ወደ ጓዳ ገባና የተማሪዎቹን ድርሰት ማረም ጀመረ።

ጓዳው በር አልነበረውም፤ መጋረጃው ደግሞ ለለቅሶ ሲባል ተነስቷል። እኔ የሻሺቱን ክንድ ይዤ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ለቅሶዋ ቀጥ አለ፣ ወዲያው ደግሞ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለዚያ ቀን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ልጅቷም እንዲሁ። ማታ ማታ የሽፈራውን ቅጠል ወጥ ከበቆሎው ኩርኩፋ ጋር ያቀርባሉ፣ ዜና ያያሉ፣ ይተኛሉ። ጠብ የለም፣ ሳቅ የለም። እንደ ሁለት ተከራይ ነበሩ።

ሻሺቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። ከነጋ እስኪመሽ የሰው ክስ፣ የሰው መልስ ስትጽፍ ትውላለች። አንድ ክረምት፣ ችሎት ሲዘጋ፣ የራሷን አንድ ነገር ጻፈች። አጭር ልብወለድ ነው። አንድ ደጋ ላይ የሚኖር ሸማኔ ሴት ልጁ ትሞትበታለች። ለቀስተኛው ደጅ ላይ ሳለ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መሸመን ይጀምራል። ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ሆና የመወርወሪያውን ድምፅ ትሰማለች፤ ለቅሶው ከፍ ሲል ድምፁ ይጠፋል፣ ለቅሶው ዝቅ ሲል ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ከጉድጓዱ ሆኖ ይጠራታል። ሊያጽናናት መስሏት ትሄዳለች። "ማግ አለቀ" ይላታል። እሷም እንዝርቷን ታነሳለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ተክለወልድ ወረቀቱን ተቀብሎ ምን እንዳደረገ መገመት አያዳግትም። አረመው። ነጠላ ሰረዝ ጨመረ፣ "ትረካው ጥሩ ነው፤ የባልየው ገፀ ባሕርይ ግን ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል" ብሎ ግርጌው ላይ ጻፈ። ከዚያ እየሳቀ ወጣና "ቲጂ፣ ሻሺቱ አባቴን ጻፈችው! ታናሽ እህቴ የሞተች ጊዜ እንዲሁ ነበር ያደረገው!" አለኝ። ሻሺቱ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዞር ብላ አየችውና "እንዴት አወቅህ?" አለችው፤ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ታሪኩ የአካባቢው ጸሐፊዎች ባሳተሙት መድበል ውስጥ ወጣ። ያነበበው ሁሉ ሸማኔው ማን እንደሆነ ገባው። ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ሆነ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተክለወልድ ሲገባ ወሬ ይቀየራል። እሱ ግን ታሪኩን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ያስተምራል፤ ስለ ጉድጓዱ ተምሳሌትነት ይተነትናል፣ ስለ አባቱ ያወራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼው ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ገቡ። አንድ ቀን ተናድጄ ሻሺቱን "ለምን አትነግሪውም?" አልኳት።

"አንባቢው እሱ ነው" አለችኝ። "እኔ ጽፌያለሁ።"

ባለፈው ዓመት ሐዊ መጣች። ሐዊ ያን ቀን ከለቅሶው መካከል ተጠርታ የወጣችው ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ካሜራ ይዛ ሰርግ እየቀረፀች ነው የምትኖረው። የሻሺቱን ታሪክ ፊልም ላደርገው እፈልጋለሁ አለች። ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ነበር፤ ተክለወልድ ትምህርት ቤት ነው።

"አንድ ችግር ብቻ አለ፣ እትዬ ሻሺቱ" አለች ሐዊ። "የሽመናውን ነገር በደንብ አላውቀውም። ጨንቻ ወጥተን እንቀርፃለን፣ ግን እንዳላበላሽብዎት ፈራሁ።"

"ሸማኔውን ተዪው" አለቻት ሻሺቱ።

"እንዴት ልተወው?"

"ያየሽውን ሥሪ። አንቺ ያን ቀን ምን አየሽ?"

ሐዊ ልትናገር አፏን ከፈተች። እንባዋ ቀደማት። ሻሺቱ አላለቀሰችም፤ ለልጅቷ ውሃ አመጣችላት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን እኔን፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው በዚያው ድምፅዋ፣ እንዲህ አለችኝ፦

"ዝውውሬ ተፈቅዷል። ምዕራብ ዓባያ፣ እህቴ ጋ። ለተክሌ ገና አልነገርኩትም። እስኪ ፊልሙን ይየው። ራሱን ካየ ምናልባት አንድ ቀን አብሮኝ ያለቅስ ይሆናል። ያን ጊዜ እቀራለሁ። ካልሆነ ግን ሄጃለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። እነሱማ ይተኛሉ።

ፊልሙ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቻ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታየ። ሐዊና ጓደኞቿ ያሉበት የወጣቶች ክበብ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ ታሪኩ ይነበባል፣ ቀጥሎ ፊልሙ ይታያል፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ሁለቱን አነጻጽሮ ይገመግማል። ገምጋሚ ሲፈለግ ከተማው ውስጥ ከተክለወልድ ሌላ ማን ይጠራል? ጠሩት። ሐዊ አስቀድማ ልታሳየው ለምናው ነበር። "ፍርድ ከሕዝብ ጋር ነው" ብሎ እንቢ አለ። ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። እኔና ሻሺቱ ከኋላው ተቀመጥን። ሻሺቱ ነጠላዋን አስተካክላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ ችሎት የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው።

ታሪኩ ተነበበ። ተክለወልድ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፤ በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ መብራት ጠፋና ፊልሙ ጀመረ።

አንድ ልጅ እግር ተዋናይ ፀጉሩን በዱቄት አሽብተውት ግድግዳው ላይ ብቅ አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ይፈልጋል። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል። ተማሪው ሁሉ የማን አመል እንደሆነ ለይቶ በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ ተክለወልድም አብሮ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ድንኳን መጣ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ አጎንብሰው የተቀመጡ ተማሪዎች መጡ። አስተማሪው አንዷን ልጅ በእጁ ይጠራታል። ልጅቷ ትወጣለች፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ትመለሳለች። ካሜራው ከእናትየው ዓይን ጋር ሆኖ፣ መጋረጃ በሌለው በር፣ ወረቀት ላይ ያጎነበሰውን ሰው ያያል። ከፊት ያሉ ሰዎች አንድ በአንድ ዞረው ተክለወልድን አዩት። እሱ በጨለማው ማስታወሻ እየጻፈ ነበር።

መጨረሻውም ከታሪኩ ይለያል። አስተማሪው ከሚያርማቸው ወረቀቶች መካከል ልጁ የሳለችውን አበባ ያገኛል። ይደፋበትና ያለቅሳል። ሚስቱ መጥታ ጀርባውን ታቅፈዋለች፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። አዳራሹ ውስጥ ያልተነፋረቀ የለም፤ እኔ ራሴ ነጠላዬን አራስኩት። ሻሺቱ ግን ጭኗ ላይ ካለው እጇ አንዱንም አላነሳችም።

መብራት በራ። ተክለወልድ መድረክ ላይ ወጣ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። ማንም አልሳቀም።

"ወጣቶቹ ደክመዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል" አለ። "ሆኖም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሸማኔው ለምን አስተማሪ ሆነ? በድርሰቱ ውስጥ ጉድጓዱ ጌጥ አይደለም። ልጅቷ አንድ ጉድጓድ ገባች፣ አባትየው ሌላ ጉድጓድ ገባ። አስተማሪ ግን ጠረጴዛ ነው ያለው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ይታያል፣ ቀና ማለት ይችላል፣ ተነስቶ መሄድ ይችላል። ስለዚህ የሸማኔው ዝምታ ይገባናል፤ የአስተማሪው ግን ጭካኔ ይመስላል።"

እውነቱን ልናገር፣ ከዚህ የተሻለ ሂስ ሰምቼ አላውቅም። እንደዚያ እያወቀ አለማወቁ ነው ያንገበገበኝ።

"ሁለተኛ" አለ ወረቀቱን እያየ፣ "የቀይ እስክሪብቶው ትዕይንት። ይህ በድርሰቱ ውስጥ የለም፣ አዘጋጇ የጨመረችው ነው። የተጋነነ ነው። ልጁ በሞተ በማግስቱ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ተማሪዎችን እስክሪብቶ ግዙ ብሎ የሚልክ አባት የለም። ተመልካች አያምነውም።"

ሐዊ ከፊት ወንበር ቀስ ብላ ተነሳች።

"ቲቸር" አለች፣ "እኔ ነኝ የገዛሁት።"

"ምኑን?"

"እስክሪብቶውን። የላኩት እኔን ነው።"

ተክለወልድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ መልሶ አወረደው። ሐዊን ትክ ብሎ አያት።

"ከየት ሱቅ?" አላት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል? እሱ ግን ጠየቀ።

"ከጋሼ ሀይሌ ሱቅ።"

"አዎ" አለ ቀስ ብሎ። "ሀይሌ ጋ ቀይ አይጠፋም ነበር።"

ከዚያ ወደ ሻሺቱ ተመለከተ። እሷም አየችው። ወረቀቱ ላይ ገና ያልተነበበ ነገር ነበረው፤ ስለ መጨረሻው ትዕይንት የጻፈው መሆኑን ኋላ ነግሮኛል፣ "ከድርሰቱ የተሻለ" ብሎ ነበር። አላነበበውም። አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው፣ "አመሰግናለሁ" ብሎ ወረደ። ሰዉ ማጨብጨብ ይኑርበት አይኑርበት ግራ ገባው። ጥቂቶች አጨበጨቡ።

ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ወደ ቤት መጣን፤ መንገድ ላይ የተናገረው ሹፌሩ ብቻ ነው፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ። ግቢ ስንደርስ ወደ ክፍሌ ልገባ ነበር፤ ሻሺቱ ክንዴን ያዘችኝ። ብቻዋን መሆን አልፈለገችም።

"ሻሺቱ" አላት ተክለወልድ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ። "ሸማኔው አባቴ አልነበረም።"

"አልነበረም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር እኮ። ጽፌ ሰጠሁህ፤ አርመህ መለስክልኝ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ኮቱን አላወለቀም። ከታች የዓባያ ሐይቅ በዚያ ቡናማ ቀለሙ ተኝቷል፤ ወደዚያ እያየ ነበር የሚናገረው።

"መጨረሻውንስ አንቺ ነሽ ያልሻት? የሚያለቅሰውን?"

"ሐዊ ናት የጨመረችው፤ ሰው ልቡ ተሰብሮ እንዳይወጣ ብላ። ከፊልሙ ሁሉ ውሸቱ እሱ ብቻ ነው።"

ተክለወልድ ራሱን ነቀነቀ። "እንባው እንቢ አለኝ" አለ። ድምፁ የተማሪ ስም እንደሚጠራ ሰው ድምፅ ወጥ ነበር። "ሰው ሁሉ እንባዬን ሊያይ ነው የተቀመጠው፣ ዓይኔ ግን ደረቅ። አፈርኩ። ሥራ ከያዝኩ ሥራ ላይ ነው ብለው ይተዉኛል ብዬ ነው። ወረቀቱን ስጨርስ ይመጣል አልኩ። ጨረስኩ፣ አልመጣም። እስካሁን እየጠበቅኩት ነው። ዛሬ እንኳ ያን ተዋናይ ልጅ ሲያለቅስ እያየሁ ምናልባት አልኩ።"

ስንት ዓመት የተናደድኩበት ሰውዬ ከነኮቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሳየው አሳዘነኝ፤ ልቆጣው የነበረው ሁሉ ጠፋኝ። ሻሺቱ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ታቅፈዋለች ብዬ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

"በሆዱ ነው የሚያለቅሰው ይሉኝ ነበር" አለች። "ሆድህን ማን አየው? እኔ ያኔ ስጮህ ለራሴ ብቻ አልነበረም። አንተ ዝም ስላልክ የሁለታችንንም እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አሁን ብትነግረኝም ይኸው ምንም አይሰማኝም። ደከመኝ፣ ተክሌ።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ምዕራብ ዓባያ ተዛውሬያለሁ።"

ይህንንም "እሺ" ብሎ ተቀበለ። ጠብ ቢያነሳ፣ ወንበር ቢሰብር ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን እሱ ተሸክሞ ሲቀላ መናኸሪያ ወሰድናት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሦስታችንም ቆምን። ሙዝ ገዛላት፤ ተቀበለችው። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያው ላይ ሲያስር ተክለወልድ ገመዱን እየነካ "ጠበቅ አድርገው" ይለዋል። ሻሺቱ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች።

"እየመጣሁ ልጠይቅሽ?" አላት።

አሰበችበት። እንደ ቅጣት አልነበረም አነጋገሯ፤ ደግሞም ጨክና አልነበረም።

"እንባህ የመጣ ቀን ና" አለችው። "በማንኛውም ሰዓት ና፣ እከፍትልሃለሁ።"

ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ። እኛ ወደ ሴቻ ተመለስን፤ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ተክለወልድ አሁንም ያስተምራል። ያን ታሪክ ግን ማስተማር አቁሟል። ማታ ማታ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ አየዋለሁ፤ ሥራ አይዝም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን እኔም አጠገቡ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ "እህስ ተክሌ?" እለዋለሁ። "ገና ነው፣ ቲጂ" ይለኛል። ምዕራብ ዓባያ ሩቅ አይደለም። እስካሁን አልሄደም።